ስለ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን አመራረጥ

የሐይቅ ወይም የውጫሌ ባለሱቅ ደሴ ሄዶ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ሲገዛ፥ ኤልሲዲ፥ ኤልኢዲና ኪውሌድ የሚባሉት ስሞች ሦስት ልዩ ልዩ ዕቃዎች እንዳይመስሉት። ሁሉም በመሠረቱ ኤልሲዲ ናቸው፤ የሚለያዩት ከመስተዋቱ በስተኋላ በሚበራው መብራትና በቀለሙ አሠራር ነው። ኦሌድ ግን ሌላ ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ ይበራልና ጥቁሩ ፍጹም ጥቁር ነው። ነገር ግን የአንድ ጣቢያ ምልክት ዘወትር ሲቆይበት ጥላው ሊቀርበት ስለሚችል፥ ለሻይ ቤት ደንበኛ መሸጡ ኋላ ጠብ ያመጣል።

ፕላዝማንማ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች በ2006 እና በ2007 ዓ.ም. ማምረቱን ትተውታል፤ አሮጌው በርካሽ ቢገኝም መለዋወጫው ጭንቅ ነው።

ስለ ማርካውም፥ ሳምሰንግ ወይም ሶኒ ከማለት አስቀድሞ ከጀርባው የተጻፈው ቮልት ይነበብ፤ ከ100 እስከ 240 የሚለው፥ ኤሌክትሪኩ በሚደክምበት ምሽት 220 ብቻ ከሚለው ይልቅ ይታገሣል። ደሴ ውስጥ የሚጠግነው ባለሙያ መኖሩም ገንዘቡ ሳይከፈል ይጠየቅ።