ባጃጅም ይሸለማል እንዴ?



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል፣ ምናልባትም ለዚህ ዓምድ የማይመጥን ይመስላችሁ ይሆናል። ስለ መኪና ነው። በተለይም መኪናቸውን ከፋብሪካ እንደወጣ መንዳት አልበቃ ብሏቸው ቀለሙን ስለሚለውጡ፣ ቸርኬውን ስለሚያስወለውሉ፣ ወንበሩን ስለሚያለብሱ፣ አካሉን ከመሬት ዝቅ ወይም ከፍ ስለሚያደርጉ ሰዎችና እርስ በርሳቸው ስለሚተያዩበት ዓይን ነው። ነገሩ ከቆርቆሮ ያለፈ መሆኑን የተረዳሁት በራሴ ጥፋት ስለሆነ ከዚያው ልጀምር።

ባለፈው ክረምት መገባደጃ ላይ ሐዋሳ ከሚገኙት ጋራዦች በአንዱ ቁጭ ብዬ ነበር። ያለችኝ አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። ጎኗን ተገጭታ ስለነበር ባትላሜራው ቆርቆሮዋን አቃንቶ፣ ስቱኮ ቀብቶ ለቀለም እያዘጋጃት ነው። ከአጠገቧ የቆመው ላንድክሩዘር ግን ምንም አልነካውም። ባለቤቱ ሰፋፊ ጎማና ጥቁር ቸርኬ ሊያስገጥም ነበር የመጣው። በዚህ መሐል ዕድሜው ከሃያ የማይበልጥ ልጅ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ገባና የባጃጁን ጎን በሁለት ቀለም መስመር አውጥቶ ለመቀባት ስንት እንደሚያስከፍለው ቀለም ቀቢውን ጠየቀ። ቀለም ቀቢው መልስ ሳይሰጥ ባለ ላንድክሩዘሩ ጣልቃ ገባና «ባጃጅም መኪና ሆኖ ይሸለማል እንዴ?» አለ። ግቢው በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ። ልጁ አንድም ቃል ሳይመልስ ባጃጁን አስነስቶ ሄደ።

ጥቂት ቆይቶ ሰውየው ወደ እኔ ዞረና «ያንተስ የትኛዋ ናት?» አለኝ። ጣቴን ወደ ዲኤክሷ ከመቀሰሬ በፊት ለአፍታ ማመንታቴን እስካሁን አስታውሳለሁ። በልጁ ላይ የሳቅሁት ሰው፣ ተራው ሲደርሰኝ በራሴ መኪና አፈርኩ ማለት ነው።

ለመሆኑ መኪናን ማስዋብ በራሱ ጥፋት ነውን? አንዳንድ ወንድሞቻችን «ከንቱ ነገር ነው» ብለው በአንድ ቃል ይዘጉታል። ነገር ግን ልብ በሉ! ኢብን መስዑድ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትና ኢማም ሙስሊም የዘገቡት ታዋቂ ሐዲስ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በልቡ ውስጥ ቅንጣት ታህል ኩራት ያለበት ሰው ጀነት እንደማይገባ በተናገሩ ጊዜ፣ አንድ ሰው ልብሱና ጫማው ያማረ እንዲሆን የሚወድ ሰውስ እንዴት ይሆናል ብሎ ጠየቀ። እርሳቸውም አላህ ውብ እንደሆነና ውበትን እንደሚወድ ነገሩት፤ ኩራት ማለት ደግሞ እውነትን አልቀበልም ማለትና ሰዎችን መናቅ እንደሆነ አስረዱት። ጠያቂው የጠየቀው ስለ ዕቃ ነበር። ጫማው በመኪና ቢተካ ፍርዱ የሚለወጥ አይመስለኝም። የሚያብረቀርቅ ቸርኬ ኩራት አይደለም። በቸርኬው ላይ ተንጠላጥሎ ሌላውን ቁልቁል ማየት ግን ያው ነው።

እርግጥ ነው፣ ስለ ማባከን የሚነሳው ጥያቄ ተገቢ ነው። የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ለድምጽ ማጉያ የሚያውል አባት በቤተሰቡ ሐቅ ይጠየቃል። ይህ ግን በእርሱና በቤቱ መካከል ያለ ሒሳብ ስለሆነ፣ መንገድ ዳር ቆመን እያንዳንዱን ያማረ መኪና «ኢስራፍ!» የምንል ሰዎች በቅድሚያ የራሳችንን ቤት ብናይ ይሻላል። መናቅ በሃይማኖት ቃል ሲለብስ መናቅነቱ አይቀርም።

አሁን ወደ ባጃጁ እንመለስ። ስሙን ከሕንዱ ኩባንያ የወረሰው ይህ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ለሐዋሳ ሜዳማና ሰፋፊ ጎዳናዎች የተፈጠረ ይመስላል። ከመናኸሪያ ፒያሳ፣ ከአረብ ሰፈር አሞራ ገደል ሕዝቡን የሚያመላልሰው እርሱ ነው። ከሚነዱት ወጣቶች ብዙዎቹ ግን ባለቤቶቹ አይደሉም። ለባለንብረቱ በየቀኑ የተቆረጠ ገቢ ያስገባሉ፤ ነዳጅና ቅጣት ከተቀነሰ በኋላ የሚተርፈው የእነርሱ ነው። ታዲያ የራሱ ላልሆነ ንብረት የወንበር ልብስ የሚያሰፋ፣ ጣሪያው ላይ ዘርፍ የሚያንጠለጥል፣ ከኋላ መስታወቱ ላይ «ማሻአላህ» ወይም የሚደግፈውን የእግር ኳስ ቡድን ዓርማ የሚለጥፍ ልጅ ምን እያደረገ ነው? ከንጋት እስከ ምሽት የሚውልበትን ቦታ ቤቱ እያደረገ ነው። ተሳፋሪውም ንጹሕና ያማረውን መርጦ ይገባል፣ ስለዚህ ጌጡ የእንጀራ ጉዳይም ነው። አንድ ሰው ቅዳሜና እሑድ ለሚነዳው መኪና ለሚያወጣው ገንዘብ «ፍቅር ነው» እያልን፣ ልጁ ለሚያድርበትና ለሚውልበት ባጃጅ የሚያወጣትን ጥቂት ብር የምንስቅባት በየትኛው ሚዛን ነው?

በመኪና ሰውን ማዋረድ በአገራችን ታሪክም ውስጥ አለ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ደርግ ዐፄ ኃይለ ሥላሴን ከሥልጣን አውርዶ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ሲወስዳቸው፣ በሮልስ ሮይስ ይሄዱ የነበሩት ንጉሥ የተጫኑት በአንዲት ቮልስዋገን የኋላ ወንበር ላይ ነበር። ይህ ሆን ተብሎ እሳቸውን ለማሳነስ የተደረገ ነው ሲባል ኖሯል። ስለ ንጉሡ አገዛዝ ሙስሊሙ ኅብረተሰብ የራሱ ትዝታና ቅሬታ አለው፣ ያ ሌላ ርዕስ ነው። እኔን የሚገርመኝ የቮልሷ ዕጣ ነው። ለውርደት ምልክትነት የተመረጠችው መኪና ከዚያ በኋላ የኢትዮጵያ ቤተሰብ አባል ሆነች። አስተማሪው፣ ነርሷ፣ የቢሮ ሠራተኛው በእርሷ ልጆቻቸውን አሳደጉ። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የላትም፣ ስለዚህ ውኃ አለቀባት ብሎ ነገር የለም። ጋራዥ ውስጥ ያደገ ማንኛውም ልጅ ሊፈታት ይችላል። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ከሜክሲኮው ፑዌብላ ፋብሪካ ወጣች። ዛሬ አዲስ አበባም ሆነ ሐዋሳ ውስጥ በደንብ የታደሰች ቮልስ ስታልፍ ሰው ቆሞ ያያታል። ትናንት «በዚህች?» የተባለባት መኪና ዛሬ ባለቤቷን የምታኮራ ሆናለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ባጃጅም እንደ ቮልስ ሞተሩን ከኋላ የተሸከመ፣ ለድሃ ኪስ የተሠራ ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የዛሬው ልጅ አባቱ ያሳደገበትን ባጃጅ ፈልጎ አሳድሶ፣ ቀለም አስቀብቶ ቢያወጣ ማን ይስቃል?

መናናቁ ታዲያ በሀብታምና በድሃ መካከል ብቻ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። ደረጃው ብዙ ነው። ቮልሷን እንደ ጥንቷ አድርጎ ያደሰው፣ ዘመናዊ ቸርኬ የገጠመላትን «አበላሻት» ይለዋል። የገጠመው ደግሞ ያኛውን «ሙዚየም ጠባቂ» ይለዋል። በእጁ የሠራው፣ ከፍሎ ያሠራውን «ገንዘብ እንጂ እጅ የለውም» ይላል። በ2012 ዓ.ም በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ የኤክሳይዝ ታክስ ከተጣለና በ2016 ዓ.ም መጀመሪያ አጋማሽ አካባቢ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ አዲስ መደብ ተወልዷል። በኤሌክትሪክ የሚነዳው የቻይና መኪና ባለቤት ማርሚታ እያስጮኸ የሚያልፈውን ቪትዝ እንደ ጥንት እንስሳ ያየዋል፤ ባለ ቪትዙም «ያንተ ስልክ ነው እንጂ መኪና አይደለም» ብሎ ይመልስለታል። ቅጽል ስም ማውጣቱማ የታወቀ ነው። ኢሱዙን «አልቃኢዳ» ብሎ የሰየመው ሕዝባችን አይደለምን? ለቀልድ ተብሎ የወጣው ይህ ስም ሾፌሩ ላይ ተለጥፎ ሲቀር ግን ሱረቱል ሑጅራት መሳለቅንና በመጥፎ ስም መጠራራትን የከለከለችበት ምክንያት ይገባናል።

ይህ ጠባይ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ሠራተኞች አሮጌ መኪኖችን ገዝተው፣ ከመሬት ዝቅ አድርገው፣ በደማቅ ቀለም ቀብተው በዝግታ በጎዳና ላይ ማንሸራሸር ጀመሩ። ሌላው ፈጣን መኪና ሲያደንቅ የእነርሱን ዝግታ የወሮበላ ሥራ አድርጎ አየው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የመኪናን አካል ከቸርኬው በታች ዝቅ ማድረግ በሕግ ተከለከለ፤ ሰዎቹም ፖሊስ ሲመጣ መኪናውን ከፍ፣ ሲያልፍ ዝቅ የሚያደርግ በዘይት ግፊት የሚሠራ መሣሪያ ገጠሙ። በኋላም ብዙ ከተሞች እንዲህ ተሰልፎ መንሸራሸርን ከለከሉ። እነዚህ ክልከላዎች በግዛቲቱ ሕግ የተነሱት እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ጀምሮ ነው። ከስልሳ ዓመት በላይ ማለት ነው! በዚህ ሁሉ ጊዜ መኪኖቹን ቀርቦ ላየ ሰው የቀለም ቀቢዎቹ ጥበብ የተደበቀ አልነበረም።

ቀርቦ ማየት ያልኩት በከንቱ አይደለም። እንደታዘብኩት የሚንቅ ሰው ብዙውን ጊዜ ሥራውን የማያውቅ ነው። የዕቃውን ዋጋ ያውቃል፣ የእጁን ድካም ግን አያውቅም። ባትላሜራ አንድ የተጨማደደ ኮፈን በመዶሻና በጣቱ ስሜት ብቻ ሲያቃና ግማሽ ቀን የተመለከተ ሰው በማንም መኪና ላይ ለመሳቅ ይከብደዋል። (በነገራችን ላይ ባትላሜራ፣ ጎሚስታ፣ ቸርኬ፣ ማርሚታ፣ ስቱኮ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣሊያን የመጡ ናቸው። ጣሊያን ሄደ፣ ቋንቋው ጋራዥ ውስጥ ቀረ።)

ነገር ግን ያ ባለ ላንድክሩዘር ሥራውን የማያውቅ አልነበረም፤ ይህን ሳልናገር ብቀር እበድለዋለሁ። ባትላሜራውን በስሙ ይጠራዋል፣ ሁላችንንም ሻይ ጋብዞናል፣ ስለ መኪና አካሄድም ከእኔ የተሻለ ያውቃል። ጨዋታ ሲደምቅ ሥራ የጀመረው በኢሱዙ ረዳትነት እንደነበር፣ ጭነት ላይ ሸራ ለብሶ ያድር እንደነበር ነገረን። እኔ እንደመሰለኝ ያ ልጅ የቀድሞ ራሱን አስታወሰው። ከታች የመጣ ሰው አንዳንድ ጊዜ ከታች ያለውን አጥብቆ የሚገፋው ተመልሶ እንዳይወርድ ስለሚፈራ ነው።

ቡኻሪ ከአነስ (ረ.ዐ) የዘገቡት ሐዲስ እዚህ ላይ ትዝ ይለኛል። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግመል ዐድባእ በእሽቅድምድም የምትቀደም አልነበረችም። አንድ ቀን ግን አንድ የገጠር ዐረብ በወጣት ግመሉ መጥቶ ቀደማት። ሶሐቦች ከበዳቸው። እርሳቸው ይህን ከፊታቸው ባነበቡ ጊዜ ከዱንያ ነገር ከፍ ያለ ሁሉ ዝቅ መደረጉ የአላህ ሐቅ መሆኑን ነገሯቸው። ያ ባላገር ስላሸነፈ አልተነቀፈም፤ ግመሉም ስም አልወጣላትም።

ይህ ሲባል ግን መከባበር ማለት መሸነጋገል አይደለም። ወንድምህ መኪናውን ለማሳጠር ሞላውን በመጋዝ ካስቆረጠ፣ በፍሬን ጊዜና በመታጠፊያ ላይ አደጋ እንዳለው ለብቻው ወስደህ ልትነግረው ይገባል። ሰው ፊት «ይህ ምንድን ነው?» ብለህ ብታሳፍረው እልህ ይዞት ይነዳል። ከፊት የሚመጣውን የሚያሳውር መብራት፣ በሱብሒ ሰዓት ሰፈር የሚቀሰቅስ ማርሚታ እንዲሁ ነው። የሌላውን መኪና ሳታስፈቅድ አትንካ፣ ኮፈን ላይ አትደገፍ። «ስንት ፈጀብህ?» ከማለትህ በፊት «ማን ሠራልህ?» በለው፤ የሠራተኛውን ስም ሲነግርህ ፊቱ እንዴት እንደሚበራ ታያለህ። የመጀመሪያው ጥያቄ የኪሱን ልክ ይጠይቃል፣ ሁለተኛው ግን ለወሬ በር ይከፍታል።

ልጁን ከአንድ ወር ገደማ በኋላ መናኸሪያ አጠገብ አገኘሁት። ባጃጁን በሁለት ቀለም መስመሩ አወቅሁት፣ ሌላ ቦታ አስቀብቶታል ማለት ነው። ተሳፈርኩ። መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ጫፉ ላይ እንደ ክንፍ የተቀጠነ ነበር። «ማን ሠራልህ?» አልኩት።

«እኔ ራሴ ነኝ ጋሼ። ቀለሙን ገዝቼ ማታ ማታ ሠራሁት። የወንበሩን ልብስ እህቴ ሰፋችው።»

ያን ቀን ጋራዡ ውስጥ እንደነበርኩ፣ ከሳቁት አንዱም እኔ እንደሆንኩ ነገርኩት፤ አውፍ እንዲለኝም ጠየቅሁት። በመስታወቱ አየኝ።

«አውቄዎታለሁ» አለ፣ «ገና ሲሳፈሩ ነው ያወቅሁዎት።» ሌላ አልጨመረም። አሞራ ገደል ስንደርስ መቶ ብር ሰጠሁትና «ይቅር፣ ያዘው» አልኩት። መልሱን ቆጥሮ እጄ ላይ አስቀመጠና ቀጣዩን ተሳፋሪ ተጣራ።