የደብራችንን የትዝታ መዝገብ በእጃችን ማዘጋጀት



ኢያሱ ሕዝቡን ዮርዳኖስን ባሻገረ ጊዜ 12 ድንጋዮች ከወንዙ መካከል ተወስደው በጌልጌላ ቆመዋል (ኢያሱ 4)። ይህም የሆነው ልጆች ስለ ድንጋዮቹ ሲጠይቁ አባቶች የሚመልሱት እንዲኖራቸው ነው። የሀገራችን አባቶችም የርስት ስጦታንና የንዋያተ ቅድሳትን ዝርዝር በወንጌል መጻሕፍት ባዶ ቅጠሎች ላይ ይጽፉ ነበር።

ዛሬ በየደብሩ መሳቢያ ውስጥ የተከማቹ ፎቶግራፎች አሉ። በእነርሱ ላይ የሚታዩትን ሰዎች በስም የሚያውቁ ግን ጥቂት አረጋውያን ናቸው። እነርሱ ባረፉ ጊዜ ምስሉ ይቀራል፣ ታሪኩ ግን አብሮ ይቀበራል። ስለዚህ ሥራው ለነገ የሚባል አይደለም።

የአሠራሩ ቅደም ተከተል

1. ማሰባሰብ፦ ከምእመናን የተገኘው ፎቶግራፍ ቅጂው ተወስዶ ዋናው ለባለቤቱ ይመለስ። ዋናውን በመቀስ መቁረጥ አይገባም።

2. መጠየቅ፦ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አረጋውያንን ማን፣ የት፣ መቼ፣ ስለ ምን ብለው ይጠይቁ። መልሱ ከፎቶው ሥር በገጹ ላይ ይጻፍ፤ የተናጋሪውም ስም ይታከል። ያልተረጋገጠው በእርሳስ ይጻፍ።

3. ማጣበቂያ፦ 1 ስኒ የስንዴ ዱቄት በጥቂት ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጦ፣ 5 ስኒ እስኪሞላ ውኃ መጨመር፤ በለስላሳ እሳት እስኪወፍር ማማሰል፤ አቀዝቅዞ ማጥለል። ማጣበቂያው ተባይ ስለሚስብ በስሱ ይቀባ፣ ገጹም ፈጽሞ ይድረቅ።

4. ማያያዝ፦ ማጣበቂያና ፕላስተር ምስሉን ያበላሻሉና ፎቶው ራሱ አይጣበቅ። ትናንሽ ወረቀቶችን በሦስት ማዕዘን ቅርጽ አጥፎ 4 ኪሶች መሥራት፣ ኪሶቹን ብቻ በገጹ ላይ አጣብቆ የፎቶውን ጫፎች በውስጣቸው ማስገባት ይበቃል።

5. መጠረዝ፦ ገጾቹን በወስፌ በስቶ በሲባጎ መስፋት፤ ለሽፋን ወፍራም ካርቶን፣ ለጀርባው አቡጀዲ መጠቀም። ጋዜጣ ቶሎ ስለሚወይብ ለገጽ አይሆንም።

6. ማስቀመጥ፦ መዝገቡ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከእርጥበት፣ ከፀሐይና ከጧፍ ርቆ በዕቃ ቤት ይቀመጥ፤ በንብረት መዝገብም ይመዝገብ።

ስለ ክብር

የልማት ሥራችን ፎቶግራፎችም በዚህ መዝገብ ይገባሉ። ይሁን እንጂ እርዳታ የተቀበለ ሰው እጁን ዘርግቶ የሚታይበት ምስል ለልጅ ልጆቹ የሚተላለፍ መታሰቢያ ሊሆን አይገባም። ፈቃዱ ይጠየቅ፤ ሕፃን ከሆነ ወላጆቹ ይጠየቁ። ውኃ ጉድጓዱን በጉልበቱ የቆፈረ ምእመን በስሙ ይጻፍ እንጂ "ተረጂ" ተብሎ ብቻ አይታለፍ።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. በደብራችን ታሪኩን የሚያውቁ አረጋውያን እነማን ናቸው? በዚህ ወር ማን ይጠይቃቸው?
ለ. በፎቶግራፎቻችን የማይታዩ፣ ነገር ግን ቤተ ክርስቲያኒቱን ያገለገሉ እናቶችና አባቶች እንዴት ይታወሱ?
ሐ. የመዝገቡ ኃላፊ ማን ይሁን? ሲለወጥስ ርክክቡ በማን ፊት ይፈጸም?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።