ሃይላንዱን ገልብጣችሁ አንብቡ

ታናናሾቻችሁን ንባብ ስታለማምዱ ተረት ብቻ አትስጧቸው። ዕቃም ይነበባል። ከዑምራ የሚመለስ ዘመድ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ስትቀበሉ ዘምዘም በጄሪካን ይመጣል አይደል? ውሃው ሲያልቅ ልጁ ጄሪካኑን ገልብጦ ባለ ሦስት ማዕዘኑን ምልክትና ውስጡ ያለውን ቁጥር ይፈልግ። የውሃ ሃይላንድ ሥር ደግሞ 1 ያገኛል። ቁጥሩ የፕላስቲኩን ዓይነት ይነግራል እንጂ ስንት ጊዜ እንደታደሰ አይደለም (ብዙዎቻችን እንደዚያ ይመስለናል)። ዓይነታቸው የተለያየ ፕላስቲኮች አብረው ከቀለጡ ደህና ዕቃ አይወጣቸውም፤ መለየት ያስፈለገው ለዚህ ነው። "ማን ይለየዋል?" ካላችሁ፣ ሰፈር ለሰፈር የሚዞረውን ቆራሌ አሳዩት።

ከፍ ላሉት ስለ ቆሼ የተጻፈ ዜና አብራችኋቸው አንብቡ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ለልጅ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን የምንጥለው ነገር በሚያርፍበት ቦታ ሰው እንደሚኖር ይወቁ።

ዛሬ ለጁሙዐ ስትዘጋጁ አንድ ሙከራ አድርጉ። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት የአነስ (ረ.ዐ) ሐዲስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ ነበር። ሙድ በሁለት እጅ የሚታፈስ ነው፣ አንድ ሊትር አይሞላም። ልጁ መጀመሪያ እንደልማዱ ከቧንቧ ውዱእ ያድርግ፣ ከሥር ሳፋ አስቀምጡለት። ከዚያ ሳፋው ውስጥ ያለው ስንት ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ እንደሚሞላ እሱ ራሱ ይቁጠርና ደብተሩ ላይ ይጻፈው።