ከማዘዝ በፊት ማንበብ

በአንድ ኮሌጅ የኔትወርክ ክፍል ብዙ ዘመን ያገለገሉ ሽማግሌና በቅርቡ ሥራ የጀመረች ወጣት ባለሙያ፣ ገመድ አልባ መሣሪያዎችን በትእዛዝ መስመር ስለ ማስተዳደር የተነጋገሩት ምልልስ የሚከተለው ነው።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ አክሰስ ፖይንቱን በድረ ገጽ ከፍቶ በማውስ እየተጫኑ ማስተካከል ሲቻል፣ እርስዎ ግን ሁልጊዜ ያንኑ ጥቁር መስኮት ከፍተው ትእዛዙን በፊደል ሲጽፉ አያለሁ። ቀላሉ መንገድ ሳለ ከባዱን የመረጡበት ምክንያት ምንድን ነው?

ሽማግሌው፦ ጥያቄሽ የተገባ ነው፣ ልጄ። ድረ ገጹን አልንቀውም፤ አንድ መሣሪያ ብቻ ላለው፣ ሥራውም በዓመት አንድ ጊዜ ለሚያጋጥመው ሰው የሚበቃና የሚመች ነው። ነገር ግን በአንድ ግቢ ውስጥ አርባ መሣሪያ ተሰቅሎ ሁሉም አንድ ሕግ እንዲጠብቅ በሚፈለግበት ጊዜ፣ ከገጽ ወደ ገጽ እየተዘዋወረ አርባ ጊዜ የሚጫን ሰው፣ እጁ ቢደክም ልቡናውም ቢዘናጋ፣ በአንዱ ላይ ምን እንዳደረገ በሌላው ላይ ምን እንደረሳ የሚመሰክርለት ጽሑፍ የለውም። በትእዛዝ መስመር የሚሠራ ሰው ግን ያዘዘው ሁሉ ቃል በቃል ተጽፎ ሊቀመጥለት ይችላል፤ የተጻፈም ነገር ይመረመራል፣ ከሌላው ጋር ይመሳከራል፣ ኋላ ለሚመጣውም ሰው ይተላለፋል። ደግሞም ኔትወርኩ በጠፋ ጊዜ ድረ ገጹ አብሮት ይጠፋል፤ በኮንሶል ገመድ መግባት ግን ያን ጊዜም ይቻላል።

ወጣቷ፦ በኮንሶል ገመድ መግባት እንዴት ነው? ሁልጊዜስ እሱን ይዞ መዞር ግድ ነው?

ሽማግሌው፦ የገመዱን አንድ ጫፍ በመሣሪያው የኮንሶል መሰኪያ፣ ሌላውን በላፕቶፕሽ ሰክተሽ እንደ ፑቲ ያለውን ፕሮግራም ትከፍቻለሽ። መሣሪያው የሲስኮ እንደ ሆነ የተለመደው ልክ ፍጥነቱ 9600፣ የዳታው ቢት 8፣ የማቆሚያው ቢት 1፣ ፓሪቲ ደግሞ የሌለው ነው። ፍጥነቱ ሳይገጥም ቢቀር በመስኮቱ ላይ የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይወጣልና፣ ይህን ባየሽ ጊዜ መሣሪያው ተበላሽቷል ከማለትሽ አስቀድሞ ቁጥሩን መርምሪ። መሣሪያው አድራሻ ካገኘና ኤስኤስኤች ከተከፈተለት በኋላ ግን ከሩቅ ሆነሽ ትገቢያለሽ። በቴልኔት አትግቢ፤ ቴልኔት የይለፍ ቃሉን ሳይሸፍን የሚያስተላልፍ ስለሆነ፣ በመካከል የሚያዳምጥ ሰው ቢኖር እንደ ግልጽ ደብዳቤ ያነበዋል። ፊንላንዳዊው ታቱ ኡሎነን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1995 ኤስኤስኤችን ለመሥራት የተነሣውም፣ በነበረበት በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ እንዲህ ያለ የይለፍ ቃል ስርቆት ስለ ደረሰ ነበር።

ወጣቷ፦ ከገባሁ በኋላ ደግሞ ከመሣሪያው ስም ቀጥሎ ያለው ምልክት እየተለዋወጠ ያስቸግረኛል፤ እዚህ የሠራው ትእዛዝ እዚያ አይሠራም።

ሽማግሌው፦ ምልክቱ ያለሽበትን ማዕርግ ይነግርሻል። ቤተ ክርስቲያናችን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብላ በሦስት እንደምትከፈል፣ ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥርም የሚፈቀድለት ሰው እያነሰ ጥንቃቄው እየጸና እንደሚሄድ ታውቂያለሽ፤ በክብር የሚወዳደሩ ባይሆኑም የሲስኮ ሥርዓትም እንዲሁ በሦስት ደረጃ የቆመ ነው። መጀመሪያ ስትገቢ ከመሣሪያው ስም ቀጥሎ በሒሳብ የ«ይበልጣል» ምልክት የምንለው ይታያል፤ በዚህ ደረጃ የተፈቀደልሽ ጥቂት ነገር ማየት ብቻ ነው። «ኢኔብል» ብለሽ የይለፍ ቃሉን ስትሰጪ ምልክቱ ወደ መሰላል ይለወጣል፤ ያን ጊዜ ሁሉን ለማንበብ፣ መሣሪያውንም አጥፍቶ ለማስነሣት ሥልጣን ይኖርሻል። «ኮንፊገር ተርሚናል» ያልሽ እንደ ሆነ በቅንፍ ውስጥ «ኮንፊግ» የሚል ይጨመራል፤ ይህ የመሣሪያው ጠባይ የሚለወጥበት ውስጠኛው ደረጃ ነው። ስለዚህ ትእዛዝሽን አልቀበልም ባለሽ ጊዜ ምልክቱን ተመልከቺና የት እንዳለሽ እወቂ። ቃሉ ቢጠፋብሽም የጥያቄ ምልክት ብቻ ጻፊ፤ በዚያ ደረጃ የተፈቀዱትን ትእዛዞች ከአጭር ማብራሪያ ጋር ይዘረዝርልሻል።

ወጣቷ፦ እንግዲያስ ወደ ውስጠኛው ደረጃ ስገባ የመጀመሪያው ሥራዬ ምን ይሁን?

ሽማግሌው፦ ለመግባት አትቸኩዪ። በመሰላሉ ደረጃ ላይ ቆይተሽ አስቀድመሽ አንብቢ፤ ከምነግርሽ ሁሉ ዋነኛው ይህ ነውና። «ሾው» በሚለው ቃል የሚጀምሩ ትእዛዞች የሚያሳዩ እንጂ የሚለውጡ ስላልሆኑ ያለ ፍርሃት ልትጽፊያቸው ትችያለሽ። «ሾው ራኒንግ ኮንፊግ» መሣሪያው አሁን የሚሠራበትን ሕግ ከአልፋ እስከ ዖሜጋ ያሳይሻል፤ «ሾው ዶት ኢሌቨን አሶሲዬሽንስ» ደግሞ በዚህ ሰዓት የትኛው ስልክና የትኛው ላፕቶፕ እንደ ተያያዘ ይነግርሻል። ይህን ጽሑፍ ቀድተሽ፣ የመሣሪያውን ስምና ቀኑን በፋይሉ ስም ላይ አኑረሽ አስቀምጪ። የነበረውን ሳያውቅ የሚለውጥ ሰው ሥራው ባልሰመረለት ጊዜ መመለሻ የለውም።

ወጣቷ፦ አንብቤ ቅጂውንም አስቀመጥሁ እንበል። ለመምህራን የሚሆን አዲስ ኔትወርክ ክፈቺ ብባል በምን ቅደም ተከተል ልዘዝ?

ሽማግሌው፦ ያለ መቆጣጠሪያ ብቻውን የሚሠራውን የሲስኮ ኤሮኔት መሣሪያ እንውሰድ። አስቀድመሽ «ዶት ኢሌቨን ኤስኤስአይዲ» ብለሽ የኔትወርኩን ስም ታወጪለታለሽ፤ በዚያው ስም ሥር «ኦተንቲኬሽን ኦፕን»፣ ቀጥሎም የቁልፉ አያያዝ በደብሊውፒኤ ሁለተኛ እትም እንዲሆን ታዝዢያለሽ፤ የይለፍ ቃሉንም ከ8 ፊደል ያላነሰ ከ63 ያልበለጠ አድርገሽ ትሰጫለሽ። ደብሊውኢፒ የሚባለውን የጥንቱን ምስጠራ አትንኪው፤ በ1997 ከመጀመሪያው የ802.11 ደንብ ጋር ወጥቶ፣ ገና በ2001 ሊቃውንት ድካሙን የገለጡበት ነው። ከዚያ ወደ ሬዲዮው ትገቢያለሽ፤ «ኢንተርፌስ ዶት ኢሌቨን ሬዲዮ 0» የ2.4 ጊጋኸርዙ፣ 1 የሚለው የ5 ጊጋኸርዙ ነው። በሬዲዮው ላይ ምስጠራውን ኤኢኤስ አድርገሽ ያወጣሽለትን ስም ታያይዣለሽ፤ በመጨረሻም «ኖ ሻትዳውን» ትያለሽ። የነዚህ መሣሪያዎች ሬዲዮ ከፋብሪካ ሲወጣ ተዘግቶ የሚመጣ ስለሆነ፣ ይህች አጭር ትእዛዝ ከተረሳች የቀረው ሁሉ የተስተካከለ ሆኖ ሳለ ኔትወርኩ በማንም ስልክ ላይ አይታይም። «ኖ» ከትእዛዝ ፊት ስትቆም ያን ትእዛዝ ትሽራለች፤ ከኤስኤስአይዲው ፊት ያቆምሻት እንደ ሆነ በዚያ ስም ሥር የጻፍሽው ሁሉ አብሮ ይሰረዛልና፣ እሷን ስትጽፊ ቀስ በዪ።

ወጣቷ፦ ቻናሉንና ኃይሉንስ? ኃይሉን ከፍተኛው ላይ ባደርገው ለሁሉም የሚዳረስ ይመስለኛል።

ሽማግሌው፦ ብዙዎች እንደዚያ ይመስላቸዋል። አስቀድሞ ስለ ቻናሉ ልንገርሽ፤ በ2.4 ጊጋኸርዝ በአንዱና በሚቀጥለው ቻናል መካከል ያለው ርቀት 5 ሜጋኸርዝ ብቻ ሲሆን፣ አንዱ ስርጭት ግን 20 ሜጋኸርዝ ያህል ስፋት ይይዛል። ስለዚህ ሳይደራረቡ ጎን ለጎን የሚኖሩት 1፣ 6 እና 11 ናቸው፤ 3ን የመረጠ ሰው ነጻ ቦታ ያገኘ ሲመስለው ከ1ም ከ6ም ጋር ይጋጫል። ወደ ኃይሉ ስንመጣ፣ 20 ዲቢኤም ማለት 100 ሚሊዋት ነው፤ 3 በቀነስሽ ቁጥር በግማሽ ስለሚወርድ 17ቱ 50፣ 14ቱ 25 ሚሊዋት ይሆናል። የመሣሪያው ሞገድ እስከ ግቢው ዳር ቢደርስ እንኳ፣ የስልኩ ኃይል ደካማ ስለሆነ መልሱ ወደ መሣሪያው አይደርስም፤ ሰውየውም በስልኩ ላይ ምልክቱን ሞልቶ እያየ ኢንተርኔት የለም ብሎ ያማርራል። እርስ በርሳቸው የሚቀራረቡ መሣሪያዎች ኃይላቸው ከመጠን ሲያልፍ አንዱ የሌላውን ሥራ ያውካል፤ የየአገሩም ሕግ ለኃይሉ ወሰን አድርጎለታልና፣ የአገሩን ኮድ በትክክል መሙላት የመጀመሪያ ግዴታሽ ነው።

ወጣቷ፦ የሚያስፈራኝን ልንገርዎ፤ ከሩቅ ሆኜ ስሠራ የገባሁበትን መንገድ ራሴ ብቆርጠውስ?

ሽማግሌው፦ ፍርሃትሽ ከማስተዋል የመጣ ነው። በትእዛዝ መስመር የተጻፈው፣ አስገቢውን እንደ ተጫንሽ ወዲያው ይፈጸማል፤ በዚያው አክሰስ ፖይንት ዋይፋይ ገብተሽ የዚያኑ ዋይፋይ የይለፍ ቃል ብትለውጪ፣ ቀጣዩን ትእዛዝ ሳትጽፊ ትወጫለሽ። ስለዚህ ለውጡን ከመጀመርሽ በፊት መመለሻውን አዘጋጂ። በሲስኮ «ሪሎድ ኢን 10» ብለሽ ታዝዢያለሽ፤ ይህም መሣሪያው ከ10 ደቂቃ በኋላ ራሱን አጥፍቶ እንዲነሣ ነው። መንገዱ ቢቆረጥብሽ፣ ያልተቀመጠው ለውጥ ከመሣሪያው መነሣት ጋር ጠፍቶ የቀድሞው ሥርዓት ይመለሳል፤ ሥራው ከሰመረልሽ ግን «ሪሎድ ካንስል» ብለሽ ትሽሪዋለሽ። የላትቪያው ማይክሮቲክ ደግሞ ኮንትሮልና ኤክስን አብረሽ ስትጫኚ የሚከፈት የጥንቃቄ አሠራር አለው፤ ግንኙነቱ በድንገት ከተቋረጠ በዚያ ጊዜ የተደረገውን ሁሉ ራሱ ይመልሰዋል።

ወጣቷ፦ «ያልተቀመጠ ለውጥ» አሉኝ፤ የሚሠራ ነገር እንዴት ያልተቀመጠ ይሆናል?

ሽማግሌው፦ መሣሪያው ሁለት መዝገብ አለው። ራኒንግ ኮንፊግ በጊዜያዊው ሜሞሪ ያለ፣ አሁን የሚሠራበት ነው፤ ስታርታፕ ኮንፊግ ግን መብራት ቢጠፋም በማይጠፋው ሜሞሪ ተጽፎ የሚኖር፣ ሲነሣም የሚያነበው ነው። አንድ ሰው ለውጡን አድርጎ፣ እንደ ሠራም አይቶ፣ ሳያስቀምጥ ቢሄድ፣ ከወራት በኋላ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ለውጡ አብሮ ይጠፋል፤ በዚያ ቀን ተረኛ የሆነውም ባልደረባ ያልሠራውን ስሕተት ሲፈልግ ይውላል። ስለዚህ ስልክሽን አያይዘሽ፣ አድራሻ ማግኘቱን አይተሽ፣ አንድ ገጽ ከፍተሽ ከፈተንሽ በኋላ፣ የታዘዘውን ሪሎድ ሽሪ፤ ቀጥሎም «ኮፒ ራኒንግ ኮንፊግ ስታርታፕ ኮንፊግ» በዪ። ሳይፈተን አይቀመጥ፤ ተፈትኖም ሳይቀመጥ አይታደር።

ወጣቷ፦ የትእዛዞቹን ጽሑፍ ታዲያ ለአርባውም መሣሪያ በአንድ ጊዜ ብልከው አይሻልም?

ሽማግሌው፦ ጽሑፉ ትክክል ከሆነ አርባውን ያቀናል፤ አንዲት ቃል ብትሳሳት ግን ስሕተቷ በአርባው ይባዛል። በመጀመሪያ በአንዱ ላይ ፈትነሽ አሳድሪው፤ ከዚያ ለጥቂቶቹ፣ በመጨረሻም ለሁሉም ላኪው፤ ስሙ፣ አድራሻውና ቻናሉ ግን በየመሣሪያው እንደሚለያዩ አትርሺ። ደግሞ በዚያ ፋይል ውስጥ የይለፍ ቃሎች አሉበት። በሲስኮ «ዓይነት 7» የተባለው መሸፈኛ በቀላሉ የሚገለጥ ስለሆነ እንደ ምስጢር ጠባቂ አትመኚው፤ ፋይሉን ለማንም በማይከፈት ስፍራ አኑሪው። ከእያንዳንዱ ለውጥ ጎንም ምክንያቱን ጻፊ፤ ቻናሉ 11 መሆኑን መሣሪያው ይናገራል፣ ለምን 11 እንደ ሆነ ግን ያደረገው ሰው ካልጻፈው በቀር ማንም አያውቅም።

ወጣቷ፦ ይህ ሁሉ ማንበብ፣ መቅዳትና መፈተን ሥራውን አያዘገየውም ወይ፣ ጋሼ?

ሽማግሌው፦ ጥቂት ደቂቃ ያዘገየዋል፤ ነገር ግን በፈተና ሳምንት ኔትወርኩ ቢቋረጥ የተማሪው ሁሉ ቀን ይባክናል። መሣሪያው ያሰብሽውን አያውቅም፣ የሚፈጽመው የጻፍሽውን ብቻ ነው፤ በሐሳብሽና በጽሑፍሽ መካከል ያለውን ልዩነት የመጠበቅ ኃላፊነት የአንቺ ነው። ነገ የቤተ መጻሕፍቱን አክሰስ ፖይንት እሰጥሻለሁ። ገብተሽ በ«ሾው» ያየሽውን ሁሉ ጽፈሽ አምጪልኝ፤ ምን እንደሚለወጥ የምንመካከረው ያንን አብረን ካነበብን በኋላ ነው።