አስተኝቶ የሚጠብቀው ሰው፦ ሰመመን በልብ ቀዶ ሕክምናና በአካል ንቅለ ተከላ

በመስከረም 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአገራችን ምድር ተካሄደ። ሥራው ከአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የተጀመረ ነው። ከዚያ በፊት ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሰው ገንዘብ ካለው ውጭ አገር ሄዶ ያስተክላል፤ ከሌለው ደግሞ አቅሙ እስከፈቀደ ድረስ በዲያሊሲስ ይቆያል። ስለዚህ ዜናው ትልቅ ዜና ነበር፣ መሆንም ይገባዋል።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ግን አንድ ነገር ልብ ማለት አለብን። እንዲህ ያለ ዜና ሲሠራ ለጋሹ አለ፣ ተቀባዩ አለ፣ ቀዶ ሐኪሙ አለ፣ የሆስፒታሉ ኃላፊ አለ። ሁለቱን ሰዎች ማን አስተኛቸው? ተኝተው ሳለ ማን ጠበቃቸው? ማንስ ቀሰቀሳቸው? ይሄ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አይነሳም። የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1967 በደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕታውን፣ በግሩት ስኩር ሆስፒታል የመጀመሪያው የሰው ልብ ንቅለ ተከላ ሲደረግ የዶክተር ክርስቲያን ባርናርድ ስም በአንድ ጀምበር ዓለምን አዳረሰ። ታካሚው ሉዊስ ዋሽካንስኪም ስሙ ታወቀ፤ ከ18 ቀን በኋላ በሳንባ ምች ሲሞትም ተዘገበ። በዚያች ሌሊት የሰመመኑን ሥራ የመሩት ዶክተር ጆሴፍ ኦዚንስኪ ነበሩ። ይህን ስም ከመካከላችን ስንቱ ሰምቶታል?

በዚህች ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው በልብና በንቅለ ተከላ ሕክምና የሰመመን ባለሙያው ምን እንደሚሠራና፣ ጉዳዩ አዲስ አበባ ብቻ ቀርቶ የማይቀር፣ እዚሁ ነገሌም ድረስ የሚመጣ መሆኑን ነው።

ማደንዘዣና ሰመመን

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ። በየዜናው ሁሉም ነገር “ማደንዘዣ ተሰጠው” ይባላል። ጥርስ ሲነቀል ድድ ላይ የሚወጋው ማደንዘዣ ነው፤ ሰውየው ነቅቶ ያያል፣ ይሰማል። ሰመመን ሲባል ግን መላው ሰውነት ነው። ታካሚው አያውቅም፣ አያመውም፣ በብዙዎቹ ቀዶ ሕክምናዎች ጡንቻውም እንዲዝል ይደረጋል። ጡንቻው ሲዝል ታዲያ መተንፈሻውም ይዝላል፣ ስለዚህ ሌላ ሰው ሊተነፍስለት ግድ ነው። እንቅልፍ ይባል እንጂ እንቅልፍ እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል። የተኛ ሰው ሲነኩት ይነቃል፣ ሲርበው ይነሳል። በሰመመን ውስጥ ያለ ሰው ግን ሙሉ በሙሉ በሌላ ሰው እጅ ነው።

በባለሙያዎቹም መካከል ልዩነት አለ። ሐኪም ሆኖ በሰመመን ስፔሻላይዝ ያደረገ አነስቴዚዮሎጂስት ይባላል። በአገራችን በአብዛኛዎቹ ሆስፒታሎች ሥራውን ተሸክመው ያሉት ግን በዲግሪ የተመረቁ አነስቴቲስቶች ናቸው። ዘገባ ስንሠራ ሁለቱን ማደባለቅ የለብንም።

ልብ ቆሞ ሰው ሲኖር

የሚመታ ልብ ውስጥ ገብቶ ቫልቭ መስፋት፣ ወይም የተበሳ ግድግዳ መድፈን በጣም አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ልብ እንዲቆም ይደረጋል። በዚያ ሰዓት ደሙን ተቀብሎ፣ ኦክስጅን ሰጥቶ፣ ወደ ሰውነት የሚመልሰው ከአልጋው አጠገብ ያለ ማሽን ነው። ይህን የልብና የሳንባ ማሽን ዶክተር ጆን ጊበን እ.ኤ.አ. ሜይ 6 ቀን 1953 በፊላደልፊያ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳካ ሁኔታ ተጠቀሙበት። ሰው በኤተር ተኝቶ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት በቦስተን በአደባባይ የታየው በ1846 ነው። ከማስተኛት እስከ ልብ ማቆም ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ ማለት ነው።

የሰመመን ባለሙያው ሥራ የሚጀምረው ግን ልብ ከመቆሙ በፊት ነው፤ እንዲያውም አስፈሪው ሰዓት ያ ነው። የደከመ ልብ ያለውን ሰው እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው አንድ ሲሪንጅ መድኃኒት ሰጥቶ ማስተኛት አይቻልም፣ የደም ግፊቱ ወዲያው ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱ በልክና በዝግታ ይሰጣል። የክንድ ደም ቧንቧ ውስጥ ቀጭን ቱቦ ገብቶ ግፊቱ በእያንዳንዱ የልብ ምት ስክሪን ላይ ይታያል። ቀጥሎ ደሙ ማሽኑ ውስጥ እንዳይረጋ ሄፓሪን ይሰጣል። ይህ ከተረሳ ማሽኑም ሰውየውም ያበቃላቸዋል። ከዚያ ፖታሲየም የበዛበት ቀዝቃዛ ፈሳሽ ወደ ልብ ይለቀቅና ልብ ጸጥ ይላል።

ሥራው ሲያልቅ ደግሞ መልሶ ማስነሳት አለ። ሰውነቱ ይሞቃል፣ ልቡ መምታት ይጀምራል፣ አንዳንዴም በኤሌክትሪክ ይመታል፣ የማሽኑ እርዳታ ቀስ በቀስ ይቀነሳል። የሄፓሪኑ ማርከሻ ፕሮታሚን ይባላል። እሱም በዝግታ መሰጠት አለበት፣ ቶሎ ከተሰጠ ግፊት ይጥላል። በዚህ ሁሉ ቀዶ ሐኪሙ፣ ማሽኑን የሚቆጣጠረው ፐርፊዩዥኒስትና የሰመመን ሐኪሙ በየደቂቃው ይነጋገራሉ።

ይህን ካወቅን የአገራችንን የልብ ሕክምና ታሪክ በሌላ ዓይን እናየዋለን። የሕፃናት ልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ ለልብ ሕሙማን ሕፃናት የሚሆነውን የመርጃ ድርጅት ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ ያለው የልብ ማዕከል የተከፈተው ደግሞ በ2001 ዓ.ም. ሲሆን፣ የእንግሊዙ ቼይን ኦፍ ሆፕ ከረዱት አንዱ ነው። በመካከሉ ሃያ ዓመት ገደማ አለ። ማዕከሉ ከተከፈተም በኋላ ለዓመታት ልብ የሚከፈተው በአብዛኛው የውጭ ቡድን ሲመጣ ነበር። ለምን ቢባል፣ አንድ ጎበዝ ቀዶ ሐኪም ብቻውን ልብ አይከፍትም። ቡድኑ ሲመጣ የሰመመን ሐኪሙም፣ የማሽኑ ባለሙያም፣ የጽኑ ሕሙማን ነርሷም አብረው ይመጣሉ። ወረፋው ላይ ያሉት ልጆች በሺዎች ሲቆጠሩ የቆዩበት አንዱ ምክንያት ይሄው ነው።

ሁለት አልጋ፣ ሁለት የተኙ ሰዎች

በቅዱስ ጳውሎስ የተጀመረው ንቅለ ተከላ ከሕያው ዘመድ የሚወሰድ ኩላሊት ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ከሌላው ቀዶ ሕክምና ይለያል። በአንደኛው አልጋ ላይ የተኛው ለጋሽ ምንም ሕመም የለበትም! ጤነኛ ሆኖ የመጣውን ወንድም ወይም እናት ሰመመን ውስጥ ከትቶ ጤነኛ አድርጎ መመለስ ግዴታ ነው። “ታሞ ነበር” የሚባል ምክንያት የለም።

በሁለተኛው አልጋ ላይ ያለው ተቀባይ ደግሞ መድኃኒትን በሽንት የሚያስወግድ ኩላሊት የለውም። በየሆስፒታሉ የተለመደው የሕመም ማስታገሻ ፔቲዲን እንኳ በእንዲህ ዓይነት ሰው ላይ ቅሪቱ እየተጠራቀመ እስከ ማንቀጥቀጥ ያደርሳል። ጡንቻ የሚያዝለው ሱክሳሜቶኒየም የደም ፖታሲየምን ከፍ ያደርጋል፤ የዚህ ሰው ፖታሲየም አስቀድሞም ከፍ ያለ ከሆነ ልብ ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ እንደ አትራኩሪየም ያለ፣ ኩላሊት ሳይጠብቅ ደም ውስጥ ራሱ የሚፈርስ መድኃኒት ይመረጣል። ዲያሊሲስ የሚደረግበት ክንድ ላይ የደም ግፊት መለኪያ አይታሰርም። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ያ መስመር ከተበላሸና አዲሱ ኩላሊት ቶሎ ካልሠራ መመለሻ ይጠፋል።

“ንቅለ ተከላ” የሚለው ቃል ራሱ ጥሩ ቃል ነው። ቡና ወይም እንሰት የሚተክል የጉጂ ገበሬ ችግኝ ነቅሎ ሲተክል መሬቱ እርጥብ እንዲሆን ዝናብ ይጠብቃል። አዲሱ ኩላሊት ደም የሚለቀቅበት ቅጽበትም እንደዚያው ነው። ከዚያ በፊት ተቀባዩ በቂ ፈሳሽ አግኝቶ፣ ግፊቱ ከፍ ብሎ መገኘት አለበት። ደረቅ ሰውነት ውስጥ የገባ ኩላሊት ሽንት ለማምጣት ይዘገያል። ፈሳሹ ከበዛ ደግሞ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ልኩን የሚያውቀው የሰመመን ባለሙያው ነው።

የልብ ንቅለ ተከላ ከዚህ በላይ ነው። ከአንዱ ደረት የወጣ ልብ ብዙውን ጊዜ በ4 ሰዓት ገደማ ውስጥ በሌላው ደረት ደም ማግኘት አለበት፤ ስለዚህ ተቀባዩ መቼ ይተኛ የሚለው በደቂቃ ይሰላል። አንድ ደግሞ የሚገርም ነገር አለ። የተተከለ ልብ ነርቩ ተቆርጧል። ምት ሲቀንስ ሁልጊዜ የሚሰጠው አትሮፒን በነርቭ በኩል ስለሚሠራ በዚህ ልብ ላይ ምንም አያደርግም ማለት ይቻላል። እንደ አድሬናሊን ያለ በቀጥታ ልቡን የሚነካ መድኃኒት ያስፈልጋል። ከዓመታት በኋላ ያ ሰው ለትርፍ አንጀት ቢመጣ የሚያስተኛው ባለሙያ ይህን ካላወቀ ጉድ ነው።

ታዲያ ነገሌ ምን አገባው?

አንዳንዱ አንባቢ “እኛ ጋ ልብ አይከፈት፣ ኩላሊት አይተከል፤ ይሄ ሁሉ ለምን?” ሊል ይችላል። ነገሌ ቦረና ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፣ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን የሚፈጅ መንገድ ነው። ከፊልቱ ወይም ከዶሎ ኦዶ ለሚነሳ ሰው ደግሞ ነገሌ ራሷ የመንገዱ መጀመሪያ ናት። ነገር ግን የልብ ሕመም መንገድ አይጠብቅም።

በልጅነት ቶንሲል ታሞ በደንብ ያልታከመ ልጅ በኋላ ሩማቲክ የልብ ሕመም ሊይዘው ይችላል። ቶሎ ከተደረሰበት በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወጋ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን እንዳይብስ ይከላከላል። ካልተደረሰበት ማይትራል የሚባለው የልብ ቫልቭ እየጠበበ ይሄዳል፣ ልጅቷም ሳታውቀው ታድጋለች። ሲደክማት “ሥራ በዝቶባት ነው” ይባላል።

እንበልና ይህች ልጅ 22 ዓመት ሞልቷት ከሊበን ገጠር ምጥ ይዟት መጣች። በእርግዝና የደም መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል፤ በጠባቡ በር ማለፍ ያለበት ደም በዛ ማለት ነው። ሕፃኑ ታፍኗል፣ በቀዶ ሕክምና ማዋለድ ግድ ሆነ። አነስቴቲስቱ ፊት ያለው ምርጫ ሁለት ነው። አንደኛው በጀርባ የሚሰጥ ማደንዘዣ ነው፤ ለሌላዋ እናት እጅግ ጥሩው መንገድ እሱ ነው፣ ለዚህች ግን ግፊቷን በድንገት ሊጥል ይችላል። ሁለተኛው ኬታሚን ነው። ኬታሚን ትንፋሽ ስለማይዘጋና ግፊት ስለማይጥል ገጠር ውስጥ ስንት ሰው ያተረፈ መድኃኒት ነው። ሆኖም የልብ ምት ያፈጥናል። በጠበበ ቫልቭ ደም እስኪያልፍ ጊዜ ይፈልጋል፣ ምቱ ሲፈጥን ጊዜው ያጥራል፣ ደሙ ወደ ሳንባ ይመለሳል። ሕፃኑ ከወጣ በኋላ ደግሞ ማሕፀን ሲኮማተር ተጨማሪ ደም ወደ ልብ ይመጣል። ብዙዎቹ የሚያፍኑት በዚህ ሰዓት ነው። ደም እንዳይፈስ የሚሰጠው ኦክሲቶሲንም በአንድ ጊዜ ከተወጋ ግፊት ጥሎ ምት ያፈጥናል፤ ቀስ ብሎ ነው የሚሰጠው።

ይህች እናት በእርግዝናዋ ክትትል ላይ ልቧ በማዳመጫ ቢደመጥ ኖሮ ነገሩ ቀደም ብሎ ይታወቅ ነበር። ያኔ በታቀደ ቀን፣ የልብ አልትራሳውንድ ባለበት ሆስፒታል፣ ቀስ በቀስ በሚሰጥ የጀርባ ማደንዘዣ መውለድ ትችላለች። ለእኔ የልብ ሰመመን ትልቁ ወቅታዊ ጉዳይ ይሄ ነው። አዲስ አበባ ያለው የልብ ማዕከል የሚያውቀውን እውቀት እዚህ በሌሊት ተረኛ የሆነው አነስቴቲስትም ያስፈልገዋል፣ ያውም ያለ ማሽኑና ያለ ረዳቱ።

ሰውና መሣሪያ

የዓለም አነስቴዚዮሎጂስቶች ማኅበራት ፌዴሬሽን በ100,000 ሰው ቢያንስ 5 የሰመመን ሐኪም እንዲኖር ይመክራል። እኛ አገር አንድም አይደርስም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2009 በገጠር ሆስፒታሎች ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ ባለሙያዎችን በማስተርስ ማሠልጠን ጀምሯል። ያ መልካም ሆኖ ሳለ፣ አንድ የሚቀድ ሰው በተጨመረ ቁጥር አንድ የሚያስተኛ ሰው መጨመር አለበት። አለበለዚያ ያው አንድ አነስቴቲስት ሌሊቱንም ቀኑንም ይሠራል።

ስለ መሣሪያም አንድ ነገር ልጨምር። ጣት ላይ የምትሰካው ፐልስ ኦክሲሜትር ርካሽና ጠቃሚ መሣሪያ ናት። ላይፍቦክስ የተባለው ድርጅት ይህችን መሣሪያ ወደሌላቸው ቀዶ ሕክምና ክፍሎች ሲያዳርስ ቆይቷል። ይሁን እንጂ በዲሴምበር 2020 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት እኛን በቀጥታ ይመለከታል። መሣሪያዋ ከ92 እስከ 96 በመቶ ስታሳይ፣ ከደም ቧንቧ በተወሰደ ናሙና ግን ኦክስጅናቸው ከ88 በታች የተገኘው ከጥቁሮች 11.7 በመቶ፣ ከነጮች 3.6 በመቶ ነበሩ። ብርሃኗ በጥቁር ቆዳ ውስጥ ሲያልፍ ትሳሳታለች ማለት ነው። የደም ናሙና መመርመሪያ በሌለበት ክፍል ቁጥሩ ደህና ቢመስልም፣ ባለሙያው የተኛውን ሰው ከንፈር ገልጦ ምላሱን ማየቱን፣ ደረቱ እኩል መነሳቱን በማዳመጫ ማረጋገጡን አይተውም።