ቀለምን በስሙ መጥራት

በአማርኛ «ቀለም» የሚለው ቃል ብዙ ሸክም አለበት። ዓይን የሚለየው ቀይና ሰማያዊ ቀለም ነው፤ ብዕር የሚጠቅሰው ጥቁር ፈሳሽም ቀለም ነው፤ ትምህርት ራሱ ቀለም ነው። እጅግ የተማረውን ሰው «የቀለም ቀንድ» ስንል ደግሞ በእውነት የነበረ ዕቃ እየጠራን ነው። ብራና የሚጽፍ ሰው ቀለሙን የሚይዘው በከብት ቀንድ ነው፤ አንዱ ቀንድ ለጥቁሩ፣ ሌላው ለቀዩ። ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ ወጥቶ ጋይንት ሲደረስ የድጓ መምህራን የሚያስመሰክሩባት ቤተልሔም አለች። እንዲህ ባሉ የትምህርት ቦታዎች በሚነበቡ የብራና መጻሕፍት ላይ ቀዩ ቀለም የት እንደሚያርፍ ልብ ብሎ ላየ ሰው ሥርዓቱ ግልጽ ነው። የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም በቀይ ይጻፋል፤ የክፍል መጀመሪያ በቀይ ይከፈታል፤ የግእዝ ቁጥር ከላይና ከታች ቀይ ሰረዝ ይደረግለታል። ገጹ ማማሩ አይካድም፤ ቀዩ የገባው ግን ለጌጥ አይደለም። አንባቢው ገና ቃሉን ሳያነብ «እዚህ ስም አለ፣ እዚህ ቁጥር አለ፣ እዚህ አዲስ ነገር ይጀምራል» የሚለውን እንዲያውቅ ነው። የዚህ ምዕራፍ ክርክርም ይኸው ነው፤ በሒሳብ ሥዕል ላይ የሚቀባ ቀለም ትርጉም ሊኖረው ይገባል፣ ትርጉሙም በኮዱ ውስጥ ስም ሊሰጠው ይገባል።

የምንናገርለት መሣሪያ ጽሑፍን ለኅትመት የሚያሰናዳው ላቴክ ነው። መሠረቱን ቴክን ዶናልድ ክኑዝ የተባለው አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ሳይንስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1978 አወጣው፤ የራሱ መጽሐፍ በአዲሱ የኅትመት ዘዴ መልኩን አጥቶ ቢያየው ነው ሥራውን የጀመረው። ሌዝሊ ላምፖርት በ1980ዎቹ ላቴክን በላዩ ሠራ። ሥዕል የሚሣልበትን ቲክዝን ደግሞ ጀርመናዊው ቲል ታንታው ለዶክትሬት ጽሑፉ ከጀመረው ሥራ አሳደገው። በእነዚህ መሣሪያዎች ሥዕል በአይጥ አይጎተትም፤ በቃል ይታዘዛል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ድካም ይቆጥረዋል። በቃል መታዘዙ ግን ሠሪው የሚያስበውን አስቀድሞ እንዲናገር ያስገድደዋል፤ የዘዴው ትልቁ ጥቅም ያለው እዚህ ላይ ነው።

ከትምህርት ቤት የሚታወቅ አንድ ሥዕል እንውሰድ። ዋይ የኤክስ ስኩዌር የሆነበት ፓራቦላና ዋይ ኤክስ ሲደመር 2 የሆነበት ቀጥታ መስመር አሉ፤ በሁለቱ መካከል የታጠረው ስፋት ስንት ነው? መስመሮቹ ኤክስ −1 እና 2 ሲሆን ይገናኛሉ፤ ስፋቱም 4.5 ነው። ስፋቱን ለመቀባት ኮዱ የሚፈልገው የተዘጋ አጥር ነው። ከመጀመሪያው መገናኛ ተነስቶ በፓራቦላው ላይ እስከ ሁለተኛው ይሄዳል፣ ከዚያ በቀጥታው መስመር ወደ ኋላ ይመለሳል፣ «ሳይክል» በሚለው ቃል ይዘጋል። «ፊል» የሚለው ትእዛዝ በአጥሩ ውስጥ ያለውን ይቀባል። ጀማሪን ሁሉ የሚያደናቅፈው ቅደም ተከተሉ ነው። ቲክዝ በኋላ የታዘዘውን በፊት ከታዘዘው በላይ ያነጥፋል። መጀመሪያ ኩርባው ተሥሎ ኋላ ቢቀባ፣ ቀለሙ የመስመሩን ውፍረት ከውስጥ በኩል ግማሹን ይበላዋል፤ ኩርባው በአንድ ወገን የሳሳ ይመስላል፣ ሠሪውም ስሕተቱን ከቀመሩ ውስጥ ሲፈልግ ይውላል። ስለዚህ ቀለሙ ይቀድማል፣ ዘንጎቹ ይከተላሉ፣ ኩርባውና ጽሑፉ መጨረሻ ይገባሉ። ከዚህ የሚብሰው ግን «ፊል» ካሉ በኋላ በቀጥታ «ቀይ» ብሎ መጻፍ ነው። መቶ ሥዕል ባለው የማስተማሪያ ሞጁል ውስጥ ያ ቀይ አንዴ መልስ፣ አንዴ ስሕተት፣ አንዴ እንዲሁ ጌጥ ይሆናል። ኤክስከለር የተባለው ፓኬጅ «ከለርሌት» በሚል ትእዛዝ ለቀለም ስም ማውጣት ይፈቅዳል። ከሰነዱ አናት ላይ አንድ ጊዜ «መልስ ማለት 50 ከመቶ ሰማያዊ ነው» ይባላል፤ ከዚያ በኋላ በሥዕሎቹ ውስጥ የሚጻፈው «መልስ» ብቻ ነው።

«ሞጁል የሚባዛው በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ነው፤ ታዲያ ቀለም ምን ያደርግልናል?» የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ በደብረ ታቦርም ሆነ በንፋስ መውጫ ተገቢ ጥያቄ ነው። ጉዳዩ በአሳብ ብቻ የሚቀር ሳይሆን በቁጥር የሚሰላ ነው። ኤክስከለር ቀለምን ወደ ግራጫ ሲለውጥ ለቀዩ 0.3፣ ለአረንጓዴው 0.59፣ ለሰማያዊው 0.11 ክብደት ይሰጣል። ብዙ ሰው የሚወደውን ፈዛዛ ቀይ፣ ማለትም 20 ከመቶ ቀይና 80 ከመቶ ነጭ የሆነውን፣ በዚህ ብናሰላው ነጭ 100 ቢሆን 86 ይሆናል። በዚሁ መጠን የፈዘዘ ሰማያዊ 82 ነው። በስልክ ስክሪን ላይ ፍጹም የተለያዩት ሁለት ክፍሎች ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት አመድ ሆነው ይወጣሉ፤ «ቀዩን ክፍል አስላ» የተባለ ተማሪም የሚያሰላው ያጣል። ሰማያዊው ወደ 50 ከመቶ ከፍ ቢል ግን ግራጫው ወደ 56 ይወርዳል፤ ደካማ ፎቶ ኮፒ እንኳ ልዩነቱን አያጠፋውም። ቀለም ተውጦ ቢጠፋም ድምቀቱ ይቀራልና፣ ስም ስናወጣ መምረጥ ያለብን ድምቀቱን ነው። ይህ ቀይና አረንጓዴን ለማይለይ ተማሪም ይጠቅማል፤ ከወንዶች መካከል እንዲህ ዓይነት ተማሪ ያልተለመደ አይደለም። መሞከሩም ቀላል ነው። ኤክስከለር ሲጠራ «ግሬይ» የሚለው አማራጭ ቢጨመርለት ሰነዱ በሙሉ በግራጫ ይወጣል፤ ማተሚያ ቤት ሳይኬድ ሁሉም ገጽ ይፈተሻል። አማራጩ ሲነሳ ቀለሙ ይመለሳል። አንዱ ጽሑፍ ለስልክም ለወረቀትም ይሆናል ማለት ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከሰሌዳው የሚመጣ ነው። አስተማሪ በአንድ ነጭ ጠመኔ ስንት ትውልድ አስተምሯል፤ ቀለም ማብዛት ዓይን ከመበተን በቀር ምን ይጨምራል? ከተቃውሞው ግማሹ እውነት ነው፤ በአንድ ሥዕል ላይ ከሦስት በላይ ቀለም የሚያስፈልገው ጉዳይ ጥቂት ነው። ግን ሰሌዳው ላይ ሥራውን የሚሠራው ጠመኔው ብቻ አይደለም። አስተማሪው መስመሩን በጊዜ ቅደም ተከተል ይሥላል፣ በእጁ ይጠቁማል፣ «ይኼኛው» ይላል። ገጽ ላይ እጅ የለም፤ ሥዕሉም ተጠናቆ አንድ ጊዜ ነው የሚታየው። ቀለሙ የሚተካው ያንን የሚጠቁም እጅ ነው። ለሊኒየር ፕሮግራሚንግ ትምህርት ብዙ የኢንኢኩዋሊቲ ገደቦች ሲደራረቡ ይህ ጎልቶ ይታያል። እያንዳንዱ ገደብ የሚፈቅደው ክፍል በአንድ ቀለም 30 ከመቶ ብቻ እንዲሸፍን ተደርጎ ቢቀባ፣ ሁለት የተደረበበት 51፣ ሦስት የተደረበበት 66 ከመቶ ያህል ይሸፈናል። ሁሉንም ገደብ የሚያሟላው ክፍል ማንም ለብቻው ሳይቀባው ጠቁሮ ይወጣል። ተማሪው መልሱ ከየት እንደመጣ በዓይኑ ያየዋል። በመጨረሻው ሥዕል ላይ ግን ያ ክፍል በራሱ ስም፣ በ«መልስ»፣ ዳግመኛ ቢቀባ ይሻላል፤ ከመደራረብ የተገኘ ጥቁረት ሂደቱን ያሳያል እንጂ ስም የለውም።

«ይህን ሁሉ ጂኦጂብራ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም በአይጥ ይሠራው የለም?» ለሚል፣ አዎ ይሠራል፤ ሥዕሉን ወደ ቲክዝ ኮድ አውጥቶ ይሰጣልም። ችግሩ እንዲህ የወጣው ኮድ ቀለሙን የሚያውቀው በቁጥር መሆኑ ነው። ቁጥሩን በስም የመተካቱ ሥራ የሰው ነው፤ አምስት ደቂቃም አይፈጅም።

የሚቀረው የፊደሉ ጉዳይ ነው፤ ከሁሉም በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ይመስለኛል። ትእዛዞቹ እንግሊዝኛ ናቸው። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት አማርኛን በላቴክ ለመጻፍ ብርሃኑ በየነና ጀርመናውያን ባልደረቦቹ የሠሩት «ኢትዮፕ» የተባለ ፓኬጅ ነበር፤ በእርሱ አማርኛው ራሱ በላቲን ፊደል እየተተየበ ነው የሚታተመው። ጆናታን ኪው እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ዚቴክ ግን ዩኒኮድን በቀጥታ ያነባል፤ የግእዝ ፊደላትን እንደማንኛውም ፊደል ይቆጥራቸዋል። ስለዚህ በዚላቴክ፣ ማለትም በዚቴክ ላይ በሚሠራው ላቴክ፣ የቀለም ስም በአማርኛ ሊወጣ ይችላል፤ አዲስ ትእዛዝም ቢሆን በአማርኛ ስም ይፈጠራል። «መልስ» ብለን ስንጽፍ የቆየነው ለምሳሌ ያህል አይደለም፤ ኮዱ ውስጥ በቁሙ የሚገባ ስም ነው።

እስካሁን ያልነውን በአንድ ሥዕል ለማየት፣ ከፎገራ ሜዳ ተነስቶ በደብረ ታቦር በኩል እስከ ጉና ተራራ የሚወጣውን ምድር ከጎን እንደሚታይ እንሣለው። ፎገራ 1,800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ታቦር 2,700 ገደማ፣ ጉና ከ4,100 በላይ ነው። ከሰነዱ አናት ላይ ሦስት ስሞች ይወጣሉ፤ «ወይናደጋ» 8 ከመቶ ጥቁር፣ «ደጋ» 20፣ «ውርጭ» 35። ሦስት ልዩ ልዩ ቀለም ያልመረጥነው ከፍታ ደረጃ ያለው ነገር ስለሆነ ነው፤ ሲወጡ የሚጨምር ነገር ሲወጡ በሚጨምር ድምቀት ይነገራል። ከዚያ የምድሩ መልክ እንደ አጥር ተዘግቶ «ክሊፕ» በሚለው ትእዛዝ ይቆረጣል፤ ከዚህ በኋላ የሚቀባው ሁሉ ከአጥሩ አይወጣም። ሦስት አራት ማዕዘን ቅቦች አግድም ይነጠፋሉ፤ አንዱ እስከ 2,300፣ ሁለተኛው እስከ 3,200፣ ሦስተኛው ከዚያ በላይ። ተራራው ጠርዛቸውን ራሱ ይከረክመዋል፤ ደብረ ታቦር ደጋው መካከል ትገኛለች፣ የጉና አናት ውርጩን ለብሶ ይቆማል። ደጋ የሚጀምረው ከ2,400 ነው የሚል የጂኦግራፊ መምህር ቢመጣ የሚለወጠው አንድ ቁጥር ነው፤ ስሞቹም ተራራውም ባሉበት ይቆያሉ።