ነጩና ቅርፊታሙ፦ በአንድ ቆዳ ላይ ሁለት በሽታ



ባለፈው ሴሚስተር አንድ ወንድማችን ከጀመዓ ሶላት ጠፋብን። ፈተና ይዞት ይሆናል ብለን ነበር። ዶርሙ ሄደን ስንጠይቀው እጅጌውን ሰብስቦ አሳየን። ጣቶቹ ላይ ነጫጭ ቦታዎች ወጥተዋል፤ ክርኑ ላይ ደግሞ ቅርፊት የሚያነሳ ወፍራም ነገር አለ። ሊጨብጣቸው እጁን ሲዘረጋ የሚያመነቱ ሰዎች እንዳሉ፣ አንዱም "የሥጋ ደዌ ነው" ሲል እንደሰማው ነገረን። በራሱ ከፋርማሲ የገዛውን አንድ ጠንካራ ክሬም ሁለቱንም ቦታ ለወራት ሲቀባ ከርሟል። የዚህን እትም የጥናት ዓምድ ያስጻፈን እሱ ነው፤ ፈቃዱንም ሰጥቶናል።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ነጩ ለምጽ ነው፤ በዐረብኛ በረስ ይባላል። የሥጋ ደዌ ደግሞ ጁዛም ነው። አቡ ዳውድ በዘገቡት ዱዓ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሁለቱም፣ እያንዳንዱን በስሙ እየጠሩ በአላህ ተጠብቀዋል፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። የሥጋ ደዌ በባክቴሪያ የሚመጣ፣ በመድኃኒትም የሚድን በሽታ ነው፤ በእሱ ምክንያት የነጣ ቦታ ብዙውን ጊዜ ይደነዝዛል። ለምጽ ላይ ግን ስሜቱ እንዳለ ነው፤ በመጨባበጥም፣ በአንድ ትሪ በመብላትም፣ በጋራ መስገጃም አይተላለፍም። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ኡወይስ አል-ቀረኒ በረስ ነበረበት፤ የዲርሀም ያህል ቦታ ሲቀር አላህ ሽሮለታል። ዑመር (ረ.ዐ) ከየመን የሚመጡትን እየጠየቀ ፈልጎ ያገኘውና ኢስቲግፋር አድርግልኝ ያለው ይህንኑ ሰው ነው። እኛ ደግሞ እጅ እንነፍጋለን።

ለምጽ የሚመጣው የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ተሳስቶ ለቆዳ ቀለም የሚሠሩትን ሴሎች፣ ሜላኖሳይቶችን፣ ሲያጠቃ ነው። ከሚያዙት ሰዎች ግማሽ ያህሉ 20 ዓመት ሳይሞላቸው ይጀምራቸዋል፤ ግቢያችን ውስጥ መኖሩ ሊያስደንቀን አይገባም። ሶሪያሲስም ከመከላከያው መዛባት ይነሳል፤ እዚያ ግን ቆዳው ከልክ በላይ እየፈጠነ ይራባና በቅርፊት ይከመራል። ችፌ ደግሞ የሚያሳክክ፣ የሚደርቅ፣ አንዳንዴም ውኃ የሚቋጥር መቆጣት ነው። መንገዳቸው የተለያየ ቢሆንም መነሻቸው ይቀራረባል። ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለሉ ሥራዎች እንደሚያሳዩት ለምጽ ያለበት ሰው ሶሪያሲስ፣ ችፌ ወይም በክብ በክብ የሚረግፍ የፀጉር መመለጥ የማግኘት ዕድሉ ከሌላው ሰው ከፍ ይላል። የአብዛኞቹ ለምጽ ግን ብቻውን ነው።

ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ሊያባብስ ይችላል። የተፋቀ፣ የተቧጨረ ወይም የተቃጠለ ቆዳ ላይ አዲስ ለምጽ ወይም አዲስ ሶሪያሲስ ሊወጣ ይችላል፤ ሐኪሞች ይህን በ19ኛው ክፍለ ዘመን በገለጸው ጀርመናዊ ሐኪም ስም የኮብነር ክስተት ይሉታል። ችፌና ለምጽ ያለባትን እህት አስቡ። ችፌው ያሳክካታል፤ ትቧጥጣለች፤ በቧጠጠችበት መስመር ነጭ ይወጣል። ለእሷ የማሳከኩ ሕክምና ለለምጹም ጥበቃ ነው።

ማደናገሩም ብዙ ነው። በጠቆረ ቆዳ ላይ ብግነት መጽሐፉ እንደሚለው አይቀላም፤ ወደ ወይን ጠጅ፣ ግራጫ ወይም ጥቁር ይሄዳል። ችፌ ወይም ሶሪያሲስ ሲሽር የሚተወው ነጣ ያለ ጠባሳም ለምጽ አይደለም፤ ቀለሙ ቀስ እያለ ይመለሳል። ቋቁቻም ያነጣል፤ እሱ ግን ፈንገስ ነው። ጠንካራ የስቴሮይድ ክሬም ራሱ ቆዳን ያሳሳል፣ ያነጣልም። ወንድማችን የትኛው ነጭ ከበሽታው፣ የትኛው ከክሬሙ እንደመጣ መለየት ያቃተው ለዚህ ነው። ሐኪም ያንኑ የክሬም ዓይነት ለሁሉም ሊያዝ ይችላል፤ ጥንካሬው፣ የሚቀባበት ቦታና የቀኑ ብዛት ግን ይለያያል። የክርን መድኃኒት ለዓይን ቆብ አይሆንም።

ብርሃን ግን ለሦስቱም ይውላል፤ ታሪኩም እኛን ይነካል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የማላጋው ተወላጅ ኢብኑል በይጣር አጥሪላል የተባለ ተክል ዘር ከፀሐይ ጋር ለበረስ እንደሚውል ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ግብፃዊው ሐኪም አል-ሙፍቲ ከዚያው ተክል የተገኘውን ንጥረ ነገር ለምጽ ላይ ሞከሩ፤ በ1974 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ይኸው ንጥረ ነገር ከመብራት ጋር ለሶሪያሲስ ዋለ። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት መድኃኒት የማይሻው የ311 ናኖሜትር መብራት ነው፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ለወራት። ይህን አንብቦ ተክሉን ቤት ውስጥ የሚሞክር እንዳይኖር፤ ክፉኛ ያቃጥላል። ሩክሶሊቲኒብ የሚባል ክሬምም በአሜሪካ በ2021 ለችፌ፣ በ2022 ለለምጽ ተፈቅዷል።

ስለ ውዱእ ብዙ ጥያቄ ደርሶናል። ውኃው ቆዳውን ማዳረሱ እንጂ ቆዳው እስኪላጥ መፈተጉ አይፈለግም፤ ቁርጭምጭሚትና ጣት ላይ በተለይ ቀስ በሉ። ሙቅ ውኃ ችፌን ያደርቃል፤ ለብ ያለ ይሻላል። ቫዝሊን የመሰለ ማለስለሻ ከውዱእ በኋላ ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ቢቀባ ይበልጥ ይጠቅማል። ውኃ የሚከለክል ወፍራም ቅባት ካለባችሁ ዒሻእን ሰግዳችሁ መቀባት ያቀላል፤ ከዚያ ያለፈውን ዝርዝር ኡስታዞቻችንን ጠይቁ።

ወደ ግቢው ክሊኒክ፣ ከዚያም ወደ ቆዳ ሐኪም ስትሄዱ የቀባችሁትን ሁሉ ከነካርቶኑ ያዙ። ነጩና ቅርፊታሙ መቼ መቼ እንደጀመሩ ለየብቻ ንገሩ፤ በየወሩ በአንድ ዓይነት ብርሃን የተነሳ ፎቶም ይረዳል። ለምጽ ከታይሮይድ ዕጢ ሕመም ጋር ስለሚገናኝ የደም ምርመራ ያስፈልገኝ እንደሆነ ብላችሁ ጠይቁ። ብቻውን መሄድ የከበደው ካለ ለጀመዓው የጤና ክፍል ይንገረን፤ አብረን እንሄዳለን ኢንሻአላህ።